ለወንድሜ፣ የጣናን ጌም ስለ መሥራት

ባሕር ዳር

ወንድም ዓለሜ፣

  እማዬ ደህና ናት፤ ክረምቱ ጉልበቷን ትንሽ ቢይዛትም ጊዮርጊስን መሳለሟን አላስታጎለችም።

በስልክ የነገርከኝ ነገር ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣም። ከጓደኞችህ ጋር ምሥጢር የሚፈለግበት፣ ተጫዋቹ እየመረጠ የሚሄድበት፣ የድሮ ዘመን ጌም ልትሠሩ ነው። እስከዚህ ድረስ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «ቦታው የፈረንጅ ግንብ ይሁን ተባብለናል፤ የእኛን ማን ይገዛዋል?» ስትለኝ ግን መልስ ሳልሰጥህ ስልኩ ተቋረጠ። መልሴ ይኸው።

ለፋሲካ መጥተህ በላፕቶፕህ ያሳየኸኝን ፔንቲመንትን አስበው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) በ2022 የወጣ ጌም ነው፤ የሠራው ኦብሲዲያን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ የሥራው መሪ ጆሽ ሶየር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያጠናው ታሪክን ነው፤ ያስታውቃልም። ዘንዶ የለበት፣ አስማተኛ የለበት። በ1518 በባቫርያ ያለች አንዲት የገጠር ከተማና አንድ ገዳም፣ መጽሐፍ የሚያስጌጥ አንድርያስ ማለር የሚባል ሠዓሊ፣ የተገደለ ባሮን፣ ጥፋቱ የሚለጠፍበት ሽማግሌ መነኩሴ፤ ሀብቱ ሁሉ ይኸው ነው። እኔንና አንተን ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛንም።

አስተማሪ ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በትምህርቱ ላይ ነው። ሲጀመር አንድርያስ የት ኖረ፣ ምን ተማረ ብሎ ይጠይቅሃል። አንተ ሕክምና መረጥክለት፤ ሬሳው ፊት ሲቆም ሌላው የማያየውን አየ። ሕግ መርጠህለት ቢሆን ሬሳው ፊት ዝም ብሎ የሕግ ነገር ሲነሣ አፉ ይፈታ ነበር። ጎራዴና ጋሻ የሚቆጠርበት ጨዋታ ሞልቷል፤ እዚህ ግን በር የሚከፍትልህ የተማርከው ነው፤ ላልተማርከው ነገር በሩ እንዳለም አታውቅም። ጊዜው ደግሞ በማዕድ ይሄዳል። ምሳህን ከማን ቤት እንደምትበላ ትመርጣለህ፤ ካንዱ ጋር ከቆረስህ የሌላው ወሬ ያመልጥሃል። በመጨረሻ አንድ ሰው ትከስሳለህ፤ ያ ሰው ይሞታል፤ እውነተኛው ገዳይ እሱ ስለመሆኑ ግን ጌሙ አያረጋግጥልህም። ሰባት ዓመት ያልፍና በ1525፣ ገበሬው በጌቶቹ ላይ ሊነሣ ባጉረመረመበት ዓመት፣ ትመለሳለህ። ሕዝቡ አልረሳም። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ያለውን ኑሮ እንዲህ ያሳየ ጌም መኖሩን ካንተ ነው ያወቅሁት፤ ተባረክ።

እዚያ ገዳም ውስጥ ስብሐት አለ። ከሮም የመጣ፣ የእኛ አገር ቄስ። ለልጆቹ የወንጌሉን ታሪክ ሲነግራቸው ስዕሉ ሁሉ የተለወጠበትን ቦታ ታስታውሳለህ? የጀርመኑ አሣሣል ሄዶ የእኛው ይመጣል፤ ዓይናቸው የጎላ፣ ፊት ለፊት የሚያዩህ፣ ቀዩና ቢጫው የደመቀ። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ እያየ ላደገ ሰው ቤቱ ነው። እጅህን ይዤ «ቆይ፣ አትለፈው» ያልኩህ ለዚያ ነው።

ይህንን ደግሞ ለጌጥ የተጨመረ ፈጠራ እንዳትለው። ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው ከእነሱ ግእዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚያው ሮም አሳተመ፤ በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። በ1518፣ ልክ ጌሙ በሚጀምርበት ዓመት፣ ኮሎኝ ላይ ዳዊቱን በአራት ቋንቋ አወጣው፤ አንዱ ግእዝ ነበር። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ዘልቆ ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግሯል። መቶ ዓመት ቆይቶ ደግሞ ጎታ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ሂዮብ ሉዶልፍን ግእዝና አማርኛ ያስተማረው አባ ጎርጎርዮስ የእኛው የመካነ ሥላሴ ሰው ነው። አሜሪካኖቹ ለስብሐት ከማዕዱ ቦታ ሰጡት። አንተ፣ የስብሐት ያገሩ ልጅ፣ ያላየኸውን ግንብ ልትስል ነው?

ቦታው እዚሁ ጣና ነው፤ ዘመኑም አለልህ። ከ1622 እስከ 1632፣ በንጉሥ ሱስንዮስ ዘመን። ግሽ ዓባይን በ1618 አይቶ የጻፈው የሮም ሃይማኖት ሰባኪ ጴድሮ ፓኤዝ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞቷል፤ ንጉሡ በዚያው ሰሞን የሮምን ሃይማኖት በይፋ ይዟል። በ1625 ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ይመጣል፤ ቅዳሜ መከበሩ ይቅር፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ ይባላል። አገር ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አባት ከልጅ ይጣላል፤ ሰው ይተላለቃል፤ በ1632 ንጉሡ ራሱ ሃይማኖታችሁን መልሻለሁ ብሎ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ይለቃል። በዚያ ዘመን በሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው። ምሥጢር ለሚፈልግ ጌም ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለህ?

ተጫዋቹ የቆሎ ተማሪ ይሁን። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ፣ ውሻ የሚያባርረው ልጅ። ሲጀመር «ከየት ጉባኤ ነው የመጣኸው?» ብለህ ጠይቀው። ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ ቅኔ ቤት ከመጣ፣ ሰው የተናገረውን ሰምና ወርቅ ለይቶ ይሰማል፤ መነኩሴው ስለ ዝናብ ሲያወራ ስለ ንጉሡ እንደሆነ ይገባዋል፤ ለሌላው ተጫዋች ግን ያው ቃል የዝናብ ወሬ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ከቤተልሔም ድጓ የተማረ በሌሊት ማኅሌት ላይ አንድ ድምፅ መጉደሉን፣ የጎደለውም የማን እንደሆነ በጆሮው ያውቃል። መጻሕፍት ቤት የዋለው ደግሞ አንድ ገጽ ላይ የተፋቀ ቃል ሲያይ ምን ቃል እንደነበረ ከነትርጓሜው ይነግርሃል፤ በዚያ ዘመን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ አንድ ቃል መፋቅ ነፍስ ያስጠፋ ነበር። ይህንን ሁሉ መፍጠር አይጠበቅብህም። አባቶቻችን ሙያውን በየቤቱ ከፍለው አስቀምጠውልሃል፤ ያንተ ድርሻ ወደ ኮድ መቀየር ነው።

የምሥጢሩ መነሻ ሬሳ ባይሆን እመርጣለሁ። ከወንጌል መጽሐፍ በቢላ የተቆረጡ ገጾች ይሁኑ። የጠፉበትን ደሴት ግን ከአእምሮህ ፍጠረው፤ የፔንቲመንት ሠሪዎችም ከተማቸውን በሌለ ስም ነው የሠሯት። ክብራንም ዳጋም ዛሬ ጸሎት የሚደረስባቸው ገዳማት ናቸውና በሌብነት ታሪክ አናነሣቸውም። ጣና ላይ ያሉት ደሴቶች ሠላሳ ምናምን ናቸው፤ አንዲት ብትጨምር ሐይቁ አይሞላም።

አሁን ምርመራው። እዚህ ላይ ነው እኔን እንቅልፍ የነሣኝ። ድሮ ወንጀል በደረሰ ጊዜ የአገሩ ሰው ለአውጫጭ ይጠራ፣ ሜዳ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ወደ እርሻው አይመለስም ነበር። ያየ ሰው ስሙ ሳይጠራ በ«ወፍ» በኩል ይናገር ነበር። ተጫዋቹን ከዚያ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ አስበው፤ እህሉ ማሳ ላይ እየረገፈ፣ ሰዉ እየተቆጣ፣ ወፉ የነገረው እውነት ይሁን የቆየ ቂም ሳይለይ። ከተናገረ አንድ ቤት ይፈርሳል፤ ዝም ካለ የሁሉም መኸር ይበላሻል። ሌባ ሻይም ነበረ፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠው፣ ልጁም አእምሮውን ስቶ ይሄድና ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ዕዳ ከፋይ ይሆን ነበር። ተጫዋቹ ልጁ የተሳሳተ ቤት እንደገባ ቢያውቅ ምን ያደርጋል? በሥርዓቱ ሁሉም ያምናል፤ እሱ ግን ማስረጃ አለው፤ ማስረጃውን ሲያወጣ ደግሞ ከየት እንዳገኘው ይጠየቃል። ከዚያ ችሎቱ፣ በላ ልበልሃ። ማር እየተወራረዱ፣ በግጥም እየተጠያየቁ ይሟገቱበት የነበረው። ቃል እየተመረጠ ለሚጫወቱት ጌም የእኛ ችሎት ራሱ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ የትኛውም የፈረንጅ ፍርድ ቤት እንዲህ አይጣፍጥም ብዬ በልበ ሙሉነት እነግርሃለሁ።

ማዕዱንም አትተው። ሰንበቴ አለህ፣ የጽዋ ማኅበር አለህ፤ ከማን ጋር መጠጣቱን ይምረጥ። ግን አንድ ማዕድ ከሁሉ ይክበድ፤ የነገደ ወይጦዎቹ። ታንኳ የሚሠሩት፣ ጉማሬ የሚያድኑት፣ ሐይቁን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፤ ጉማሬ ትበላላችሁ ተብለው የተናቁትም እነሱ። ገጾቹን የሰረቀው ሰው በሌሊት ወዴት እንደቀዘፈ ያየ ቢኖር የደንገል ቆራጩ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የለም። ተጫዋቹ ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ ከበላ እውነቱን ያገኛል፤ በማግሥቱ የመንደሩ ሰው በር ይዘጋበታል። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ከተማችን ዳር ምን እንደሚባሉ አብረን ሰምተናል። ይህንን ሳታስገባ ጌሙን ብትጨርስ በጣም አዝንብሃለሁ።

ስለ ጽሕፈቱ ትንሽ ልበል። ፔንቲመንት ውስጥ ማንም በድምፅ አይናገርም፤ የየሰዉ ቃል እንደ ትምህርቱ በተለያየ እጅ ይጻፋል፤ የገበሬው በዝርክርክ ጽሕፈት፣ የመነኩሴው በመጽሐፍ ፊደል፣ የአታሚው በማተሚያ ፊደል። የአምላክ ስም ሲመጣ ቦታው ክፍት ይቆይና መጨረሻ ላይ በቀይ ቀለም ይሞላል። የእኛ ጸሐፊዎች በፍየል ብራና ላይ የሚያደርጉትን! ይህንን ስመለከት ፊደላችን ለዚህ ሥራ ስንት ዘመን እንደተዘጋጀ አሰብኩ። የድሮው ማዕዘናም እጅ አለህ፣ የጎንደሩ ክብ እጅ አለህ። በኮምፒውተር ካለው ከአንዱ ፎንት ጋር ተጣብቀህ እንዳትቀር።

የሴት ነገር ይቀራል። ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሣለውን የክብራንን ወንጌል ያየሁት በፎቶግራፍ ነው፤ ደሴቱን ግን በየቀኑ ከዳር ሆኜ አየዋለሁ። ስለዚህ ተጫዋቹ ሴት መሆንም ይቻል፤ ስትሆን አንዳንዱ ደሴት ይዘጋባት፤ ሌላ መንገድ ይከፈትላት። የባላባት ሚስት የነበረችውን ወለተ ጴጥሮስን ታውቃታለህ፤ ባሏ የሱስንዮስ ሹም ነበር፤ ትታው መነኮሰች፣ የንጉሡን አዋጅ እምቢ አለች፣ በሐይቁ ዙሪያ ተከታዮች ሰብስባ ማኅበር አቆመች። በ1642 አረፈች፤ ገድሏን በ1672 ገላውዴዎስ ጻፈው፤ ቆራጣ ዛሬም በስሟ ይጠራል። በእሷ ዙሪያ የነበሩት ሴቶች መልእክት ያደርሱ፣ ሰው ይደብቁ፣ እህል ያከማቹ ነበር እንበልና ያንን መንገድ ሥራው። የወንዱ ተጫዋች የማያገኘውን ነገር እነሱ ዘንድ አስቀምጥ።

«ማን ይገዛዋል?» ላልከው፤ አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የሚባለው ድርጅት ኩኩሉ በሚባለው ጌሙ ዶሮ አሯሩጦ ሰው አጫውቷል። ባቫርያን በካርታ ላይ የማላገኘው እኔም የባቫርያን ገዳም ጉዳይ ሌሊት ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ሰው የሚገዛው በእውቀት የተሠራ ቦታን ነው። አንተ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ታንኳ ለምን እንደማይወጣ፣ ዘጌ ላይ ለምን እንደማይታረስ፣ የአቡነ በትረ ማርያም መቋሚያ ቡናና ጌሾ ሎሚም ሆነ የሚባለውን ታሪክ ከልጅነትህ ታውቃለህ። ይህንን የሚያውቅ የጌም ሠሪ ሌላ አገር የለም።

ጓደኞችህን ይዘህ በጥቅምት ና፤ ሐይቁ ያኔ ይጠራል። ዑራንና አዝዋ ማርያምን አብረን እናያለን፤ ጀልባውን እኔ እነጋገራለሁ። ክብራን እናንተ ትወጣላችሁ፤ ከመካከላችሁ የሚስለው ልጅ ደብተር ይያዝ፣ መነኮሳቱ ከፈቀዱላችሁ የወንጌሉን ስዕሎች አንድ በአንድ ይገልብጥ፤ እኔ እንጦንስ ደሴት በኩል እጠብቃችኋለሁ። ስለ አውጫጭና ስለ በላ ልበልሃ የሰበሰብኩትን ማስታወሻ በሚቀጥለው ሳምንት በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ፤ ከመምጣትህ በፊት አንብበው፣ ጥያቄህንም ጻፍልኝ። ለእማዬ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውልላት።

የምትወድህ እህትህ