የልጆቻችን ጂኦሜትሪና የእኛ ቱንቢ

በስደት ዓለም የወላጅን ቅስም ከሚሰብሩ ነገሮች አንዱ የልጅ የቤት ሥራ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ የሚያነብልን፣ ሐኪም ፊት የሚያስተረጉምልን ልጅ ትንሽ ቆይቶ «አባዬ ተወው፣ አንተ አይገባህም» ማለት ይጀምራል። ይህን ከለመደ ደግሞ በሂሳብ ብቻ አያቆምም፤ በሌላውም ነገር ምክራችንን መስማት ይተዋል።

ላንሲ የምትማረው ልጄ ይህንኑ ቃል ያሰማችኝ በጂኦሜትሪ ነው። እንድታረጋግጥ የታዘዘችው እንዲህ ይላል፦ የአንዱ ዘዌ ሁለት ጎኖች ለሌላው ዘዌ ሁለት ጎኖች ቀጤ ነክ ከሆኑ፣ ዘዌዎቹ ወይ እኩል ናቸው፣ ወይ ድምራቸው 180 ዲግሪ ነው። ፈረንሳይኛዬ ደካማ መሆኑ እውነት ነው። ጂኦሜትሪው ግን ፈረንሳይኛ አይደለም።

የ50 ዲግሪ ዘዌ ሣልን። በመካከሉ ነጥብ አድርገን ወደ ሁለቱ ጎኖች ቀጤ ነክ መስመሮች አወረድን፤ ጎነ አራት ወጣ። የጎነ አራት ዘዌዎች ድምር 360 ነው፤ ሁለቱ 90፣ 90 ናቸው። ስለዚህ የቀሩት ሁለቱ ድምራቸው 180 ነው፤ ነጥቡ ላይ ያለው 130 ሆነ። ከመስመሮቹ አንዱን ነጥቡን አሳልፈን ስናስረዝመው ደግሞ ከጎኑ 50 ተገኘ፤ እኩል! ነጥቡን ሌላ ቦታ ብናደርገውም አዲሶቹ መስመሮች ከፊተኞቹ ጋር ትይዩ ስለሚሆኑ ዘዌዎቹ አይለወጡም። በ50 ፈንታ ሌላ ቁጥር ቢገባም መንገዱ ያው ነው።

ከዚያ መጽሐፍ አዘንብዬ እርሳስ በቀጥታ አቆምኩበት፤ ከእርሳሱ ጫፍም ቁልፍ በክር አንጠለጠልኩ። አገር ቤት ግንበኛ የሚይዘው ቱንቢ ይኸው ነው። ክሩ ለጠረጴዛው፣ እርሳሱ ለመጽሐፉ ቀጤ ነክ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከጠረጴዛው የተነሣበት ዘዌና በክሩና በእርሳሱ መካከል ያለው ዘዌ እኩል ናቸው። የጣሪያ ተዳፋትም በዚሁ ዘዴ ይለካል። ፈረንሳይኛው «ፐርፓንዲኩሌር» ራሱ ቱንቢ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ልጄ ማረጋገጫውን በፈረንሳይኛ ከመጻፏ በፊት በአማርኛ አስረዳችኝ።

ዙሪክ ያላችሁ ወገኖች ነገሩን ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እዚያ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ጂምናዚየም ለመግባት ልጆች በጀርመንኛና በሂሳብ ይፈተናሉ። በጀርመንኛው ልንረዳቸው ባንችል እንኳ በሂሳቡ እንችላለን። ብዙዎቻችን በአማርኛ «ዘዌ» ብለን ጀምረን፣ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ በእንግሊዝኛ «አንግል» ያልን ነን፤ ቋንቋ ሲቀየር ትምህርቱ እንደማይቀየር እናውቃለን።

ስለዚህ ወላጆች፣ ከሥራ ደክመን ብንገባም ልጆቻችን ደብተር ሲዘረጉ አጠገባቸው እንቀመጥ። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን በአማርኛ እንጠይቃቸው፤ በአማርኛም ያስረዱን። መልሱን ባናውቀው እንኳ አብረን እንፈልገው።