ጥቁሩ ቅባት

ጋሼ ወደ መድኃኒት ቤቴ ሲመጡ የመድኃኒቱን ስም አይጠሩም። «ያንን ጥቁሩን ስጠኝ» ይሉኛል፤ ኢክታሞል የሚባለውን ቅባት አውርጄ እሰጣቸዋለሁ። አንዴ ማጅራታቸው ላይ፣ ሌላ ጊዜ ብብታቸው ሥር፣ ደግሞ ጭናቸው ላይ ብጉንጅ ይወጣባቸዋል። እየተመላለሰ የሚወጣ ብጉንጅ ሲያይ ስኳር የማይጠረጥር ፋርማሲስት ምን ፋርማሲስት ነው?

እውቀቱ አልጎደለኝም። ቅባቱ ድኝ ከሚበዛበት ድንጋይ በሚወጣ ዘይት የሚሠራ፣ ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፓውል ኡና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ ያስተዋወቀው ነው። «መግል ይስባል» የሚለው ዝናው ከሥራው ይበልጣል። ገና ላልፈነዳች ትንሽ ብጉንጅ፣ በሞቀ ውሃ ከተነከረ ጨርቅ ጋር፣ ሊያግዝ ይችላል። አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል፣ ያቀላዋል፣ ሽፍ ያደርግበታል፤ ያኔ አጥቦ መተው ነው። የተከፈተ ቁስል ላይ አይቀባም፤ ዓይንም አይነካም። ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ብጉንጁ ፊት ላይ ከወጣ ሐኪም ይየው። ይህን ሁሉ አጥንቼ ተፈትኜበታለሁ። ለጋሼ ግን አንዱንም አልነገርኳቸውም።

በኋላ ማመካኛ አላጣሁም። ካንሰር ይነቅላል እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠውን፣ ዚንክ ክሎራይድ ያለበትንና ጤነኛውን ሥጋ ጭምር የሚያቃጥለውን ሌላውን ጥቁር ቅባት መች ሸጥኩ? የእኔ የዋህ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

አንድ ቀን እያነከሱ መጡ። አዲስ ጫማ አውራ ጣታቸውን ልጦት፣ ጥቁሩን ለቅልቀው በፋሻ ጠቅልለውታል። «ምንም አያመኝም» አሉ። የማያም የእግር ቁስል! ነርቩ ደንዝዟል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የስኳር መለኪያው እዚያው ባንኮኒው ላይ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ደም ትበቃኝ ነበር። ፋሻውን እንኳ ፍቱልኝ አላልኩም። ከኋላቸው ሰው ቆሞ ስለነበር ሂሳቡን ተቀብዬ ሌላ ቲዩብ ሸጥኩላቸው።

ሆስፒታል ሲገቡ ስኳራቸው ጣራ ነክቷል። ጣታቸው ተቆረጠ። ጣቱን የበላው ቅባቱ አይደለም፤ ግን ጥቁር ነውና የሥጋውን መጥቆር ከዓይናቸው ሸፈነባቸው።

ልጠይቃቸው ስሄድ ባለቤታቸው እትዬ «አንተ ጋ ሲመላለስ ምን ትለው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ተመርመሩ ብያቸው ነበር» አልኩ። እንዴት ቶሎ ከአፌ እንደወጣ!

ጋሼ ከአልጋው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። «እሱማ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አሉ።

እትዬ ዛሬም «ምክር መች ይሰማል!» እያሉ ይወቅሷቸዋል፤ ጋሼም ዝም ይላሉ። ቡና ሲፈላ እጠራለሁ፤ እሄዳለሁ፤ ወቀሳውን እሰማለሁ። አልነገርኳቸውም ነበር።