ማሸነፍ የሰለቸው ልጅ

አንባቢ ሆይ፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ምን ይማራል? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከጐንደር ፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ነው እንጂ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ተማሪዎቼን በብስክሌት አወዳድር ነበር። ሲሄዱ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ሁሉም ጀግና ነው፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ሰውን ከሰው ይለያል። ከመካከላቸው አንዱ፥ ቀጭንና ዝምተኛ ልጅ፥ ለወራት ያህል አንደኛ ሳይወጣ የቀረበት ቅዳሜ አልነበረም። ጐልማሶቹ ብስክሌተኞች ከእኛ ጋር ይውጣ ሲሉኝ፥ «ገና ነው፤ ልቡ ይሰበራል» እያልሁ አስቀረሁት። እውነቱን ለመናገር የሳሳሁት ለልጁ ልብ ሳይሆን ለራሴ ኩራት ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ከምጠጣበት በረንዳ ድረስ መጥቶ፥ «መምህር፥ ማሸነፍ ሰለቸኝ፤ ከትልልቆቹ ጋር ይላኩኝ» አለኝ።

ላክሁት። ገና አዘዞ ሳይደርሱ ጥለውት ሄዱ። ብቻውን በላብ ተጠምቆ ፒያሳ ሲገባ፥ እነሱ ሻያቸውን ጠጥተው ጨርሰው ነበር። ያን ለት ብስክሌቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል ብዬ ሰጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ዋነኛ ጠላቱ ነፋስ ነው። ከፊት ያለው አየሩን ሲሰነጥቅ፥ ጐማውን ተጠግቶ የሚከተለው ከድካሙ ሩብ ያህሉን፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠውን ይቆጥባል። የእኔ ተማሪ ግን ሁልጊዜ ከፊት ስለነበረ የሰው ጐማ ተከትሎ አያውቅም። በአንድ ክንድ ርቀት መጠጋት፥ ሌላው ሊፈጥን ሲል ቀድሞ መንቃት፥ ጉልበትን ለዳገቱ ማቆየት፥ ይህ ሁሉ ለእሱ ባዕድ ነበር። ይህን ሲማሩ የከረሙት ከኋላው ሆነው የሚሸነፉት ጓደኞቹ ናቸው!

አገራችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፥ እነ ገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድን ከ187 ኪሎ ሜትር ውድድር በኋላ ዘጠነኛ ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላም ጽጋቡ ግርማይ በደቡብ አፍሪቃ ቡድን ውስጥ ከባዕዳን ጋር ሲጋፋ ቆይቶ፥ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ይሁን እንጂ ጀማሪን ፈጽሞ ከማይደርስበት ጋር ማጋጠም ጭካኔ ነው። ስለዚህ ከጐልማሶቹ ጋር መክረን ከመካከለኞቹ ጋር መደብነው። ከእኩዮቹ ጋር በሚወጣበት ቅዳሜ ደግሞ እስከ አዘዞ ድረስ መጨረሻ ሆኖ እንዲሄድ አዘዝሁት፤ ይህን ከሁሉ ይልቅ ጠላው።

ባለፈው ቅዳሜ ከመካከለኞቹ ጋር እስከ ዳገቱ ግማሽ ድረስ አብሮ ዘልቆ ሰባተኛ ወጣ። ገና ከብስክሌቱ ሳይወርድ፥ «መምህር፥ አንደኛ የወጣው ሰውዬ ዳገቱ ሳይጀምር አስቀድሞ ማርሹን ይለውጣል፤ አይተውታል?» አለኝ።

እኔ አላየሁም ነበር።