ሜዳው ሲቀየር

ከታላቅ ወንድሜ ጋር በቴኒስ ምክንያት ተኮራርፈን እናውቃለን። እሱ የናዳል ደጋፊ፣ እኔ የፌደረር። እ.ኤ.አ. በ2008 ናዳል የፓሪሱን ፍጻሜ 6 ለ 1፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 0 ሲያሸንፍ «ንጉሥህ የታለ?» አለኝ። «አፈር ላይ ነው፤ ሳር ላይ ይምጣና እንተያያለን» አልኩት። ወር ሳይሞላ መጣ። ዊምብልደን ላይ አምስተኛውን ዙር 9 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አፌን ያዝኩ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ቆይቶ ነው። የፓሪስ ሜዳ ላዩ የተፈጨ ቀይ ጡብ ነው። ኳሱ ሲነጥርበት ፍጥነቱ ይቀንስና ወደ ላይ ይዘላል። ግራኙ ናዳል አጥብቆ እያሾረ የሚልከው ኳስ፣ ፌደረር በአንድ እጁ በሚመታው ባክሃንድ በኩል ትከሻው ድረስ ይወጣበት ነበር። ሳር ላይ ግን ኳሱ ዝቅ ብሎ ይንሸራተታል፤ እዚያ የፌደረር ሰርቭና ፈጣን ጥቃት ይነግሣል። አንዱ ፓሪስን 14 ጊዜ፣ ሌላው ዊምብልደንን 8 ጊዜ የወሰዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ፒት ሳምፕራስ 14 ታላላቅ ዋንጫዎች ሰብስቦ ፓሪስን አንድም ጊዜ ስላላሸነፈ ትንሽ ነው? አይደለም። ግን ቢዮርን ቦርግን ተመልከቱ። ከ1978 እስከ 1980 በየዓመቱ ሁለቱንም አሸንፏል። ፓሪስ ላይ ከኋላ ቆሞ በትዕግሥት ይመልሳል፤ በሳምንታት ልዩነት ለንደን ላይ ሰርቭ አድርጎ ወደ መረቡ ይሮጣል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለኳስ ብዬ ብቻ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ፤ ተማሪዎቼ ይወዱኝ ነበር። ከዚያ «ጎበዝ ነው» ተብዬ የቢሮ ኃላፊነት ተሰጠኝ። በዓመቱ «ለካ ባዶ ነው» ተባልኩ። እኔም ማመን ጀመርኩ። አንድ ማታ ለወንድሜ ደውዬ ሆዴን ነገርኩት።

«ሰውየው ያው ነህ፤ የተቀየረው ሜዳው ነው» አለኝ። ደስ ሲለኝ ሰማና ጨመረበት። «ግን ናዳልም እኮ በ2006ና በ2007 ዊምብልደን ላይ በፌደረር ተሸንፏል። ሳሩን አልተራገመም። ሰርቩን አሻሽሎ፣ ወደ መስመሩ ቀረብ ብሎ ተመለሰ።»

መልስ አልነበረኝም።

ጥሩ ሐኪም የሆስፒታል ኃላፊ፣ ጥሩ መምህር የቢሮ ሹም እናደርግና ሲንገዳገድ እንስቃለን። መጀመሪያ የትኛው ሜዳ ላይ እንዳቆምነው እንጠይቅ። የቆመው ሰው ደግሞ ሜዳውን ከመውቀሱ በፊት አረማመዱን ይመርምር።

እኔ ገና እየተማርኩ ነው። ፌደረርም ፓሪስን ያሸነፈው ሦስት ተከታታይ ፍጻሜ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ2009 ነው።