የዞሮ ዝላይ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት የእኅቴ ልጅ ‹‹ጋሼ፥ ይህን ሰው ይዩልኝ›› ብሎ ድምፅ የሌለው አሮጌ ሲኒማ አሳየኝ። በጭንብል የተሸፈነ ሰይፈኛ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት፥ ከመስኮት ወደ ጣራ፥ ከጣራ ወደ አጥር እየዘለለ ብዙ ወታደሮችን ሲያደክም አየሁ። ልጁም ‹‹በእውነት ሰው እንዲህ ሊዘል ይችላልን?›› አለኝ። እኔ የቅኔ እንጂ የሰይፍ ተማሪ አልነበርሁም፤ ዳሩ ግን በተማሪነቴ አጥር ዘልዬ አውቃለሁና ፍርድ ለመስጠት አላፈርሁም።

ሰይፈኛው ዞሮ ይባላል፤ በእስፓንያ ቋንቋ ቀበሮ ማለት ነው። የፈጠረው ጆንስተን መካሊ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ሲሆን፥ ታሪኩ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. በሳምንታዊ መጽሔት እየተከፋፈለ ታተመ። የታሪኩም አገር የጥንቷ ካሊፎርንያ ናት። በጽሑፉ ዞሮ ይልቁን ፈረሰኛና ሰይፈኛ ነው፤ ዝላዩን ያበዛለት በ1920 ሲኒማውን የሠራው ዳግላስ ፌርባንክስ ነው። ፌርባንክስ ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበረ፤ በዚያ ዕድሜ እንዲያ መዝለሉ ያስደንቃል።

ለልጁ የሰጠሁት ፍርድ እንዲህ ነው። ዞሮ ሲሸሽ የሚዘለውን አምናለሁ፤ ሲዋጋ የሚዘለውን ግን አላምንም። ግማሽ ሜትር ወደ ላይ የዘለለ ሰው በአየር የሚቆየው 0.6 ሰከንድ ያህል ነው፤ እግሩ ምድርን ከለቀቀ በኋላ መንገዱን ሊለውጥ አይቻለውም። የባላጋራው ሰይፍ ግን መንገዱን ይለውጣል። ስለዚህ በውጊያ መካከል የዘለለ ሰይፈኛ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ለጠላቱ የነገረ ሰው ነው። የቁመት ነገርም አለ፤ ኩባዊው ሃቪየር ሶቶማዮር በ1993 ያለፈው 2 ሜትር ከ45 ነው፤ እርሱም ተንደርድሮ፥ ካባና ሰይፍ ሳይዝ፥ ማረፊያ ፍራሽ ተነጥፎለት ነው። ዞሮ ከዚያ የሚበልጥ ግንብ ሲወጣ በእጁ ጨብጦ ነውና፥ ያ ዝላይ ሳይሆን መንጠላጠል ይባላል፤ ለዚህ አልከራከረውም።

ልጁ በዚህ አልረካም፤ ‹‹እንግዲያስ መዝለሉ ምን ጠቀመው?›› አለኝ። ለማምለጥ ጠቀመው ልል ስል አንደበቴ ተያዘ።

በጎጃም ቅኔ ስንማር፥ አኮፋዳችንን አንግበን በየመንደሩ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› እያልን ስንዞር፥ አንድ ቀን ሦስት ውሾች ከአንድ ግቢ ወጡብን። እኔ ከደረቴ ከፍ የሚለውን የድንጋይ ካብ እንዴት እንደ ተሻገርሁት ዛሬም አላውቅም። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሰው ጓደኛዬ ግን አልተሻገረም። ባቱን ነከሱት፤ እስከ ፋሲካም ድረስ እያነከሰ ይማር ነበር። ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ ቅኔ በምንዘርፍበት ጊዜ ግን ፊት ለፊቱ መቀመጥ ይከብደኝ ነበር።

በዞሮም ታሪክ እንዲሁ ያለ ሰው አለ። አባ ፌሊፔ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ በሐሰት ተከስሰው በአደባባይ ተገረፉ። ዞሮ በሰዓቱ አልደረሰላቸውም፤ ኋላ ግን መጥቶ የፈረደባቸውን ዳኛ በተራው አስገረፈው። ስለዚህ ለልጁ ‹‹የዚህ ሰው ትልቁ ዝላይ ወደ ውጭ የዘለለው አይደለም፤ ተመልሶ ወደ ውስጥ የዘለለው ነው›› አልሁት፤ የጓደኛዬንም ነገር አጫወትሁት።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፥ ‹‹እርስዎስ ጋሼ፥ ካቡን ተመልሰው ዘለሉት?›› አለኝ።

‹‹ተመለስሁ፤ ግን ባለቤቲቱ ውሾቹን ካሰረች በኋላ በበሩ ነው የገባሁት›› አልሁት።