ቃሉ የተሰወረ ዜማ

የቅኔ መምህር ስለ ጃዝ ሸክላ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን የተሰወረ ቃል ፈልጎ ማግኘት የሙያችን ሥራ ነውና፥ ቃሉ በዜማ ውስጥ የተሰወረበትን አንድ ሥራ ለአንባብያን ማመልከት ከወግ መውጣት አይመስለኝም። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሥራው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ይባላል፤ ከሁሉ የሚበልጥ ፍቅር ማለት ነው። የደረሰው ጥቍር አሜሪካዊው የሳክስፎን ሊቅ ጆን ኮልትሬን ነው። ሁለቱም ወንድ አያቶቹ ሰባክያን ነበሩ። እርሱ ግን በዕፅና በመጠጥ ተይዞ ኖሮ፥ በ1957 በእግዚአብሔር ጸጋ መንፈሱ እንደ ነቃ በሸክላው ማኅደር ላይ በጽሑፍ መስክሯል። ሥራውንም ዲሴምበር 9 ቀን 1964 ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋራ በአንድ ቀን ቀረጸው፤ በ1965 ታተመ። አራት ክፍል ሲሆን ሁሉ በጠቅላላው 33 ደቂቃ ያህል ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ባሱ አራት ድምፅ ብቻ ያላትን አጭር ዜማ ይደጋግማል። ኋላ ኮልትሬን ያችኑ ዜማ ተቀብሎ በአሥራ ሁለቱም የድምፅ መነሻ ያዞራታል፤ አንድ ግሥ ይዞ እርባታውን ሁሉ የሚያዞር የሰዋስው መምህር ይመስላል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል አንባቢ ራሱ ይስማቸው። ለእኔ ነገሩ ያለው በአራተኛው ነው።

አራተኛው ክፍል «መዝሙር» ይባላል። ኮልትሬን ለእግዚአብሔር የምስጋና ግጥም ጽፎ በማኅደሩ ላይ አሳትሟል፤ ነገር ግን በሸክላው ላይ ያን ግጥም በአፉ የሚያነበው የለም። ሳክስፎኑ ነው የሚያነበው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ድምፅ አንድ የዜማ ድምፅ እየሰጠ። ይህንም ሉዊስ ፖርተር የተባሉ የሙዚቃ ሊቅ ቃሉንና ዜማውን ጎን ለጎን አስተያይተው አሳይተዋል። ማኅደሩን በእጁ ይዞ በጣቱ እየተከተለ የሚሰማ ሰው፥ ምስጋናው በተደጋገመ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ ዜማው ወደ ታች ወርዶ ሲያርፍ ያገኘዋል። በእኛ ድጓ ምልክቱ ከፊደሉ ራስ ላይ ተጽፎ ቃልና ዜማ አብረው ይወጣሉ፤ እርሱ ግን ቃሉን በልቡ አስቀርቶ ዜማውን ብቻ አወጣ። ይህን ውስጠ ወይራ ካላልሁት ሌላ ስም አላገኝለትም።

የማኅሌት ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። ማኅሌታችን ከቁም ዜማ ተነሥቶ በዝማሜና በመረግድ አልፎ በጽፋት ይሞቃል። ይህ ሥራ ግን ሙቀቱን በሦስተኛው ክፍል ከበሮ ጨርሶ፥ በመጨረሻው ልክ የተወሰነለት ምት በሌለበት ጸጥታ ይቆማል።

አንድ የደብር አለቃ ወዳጄ ይህን ባጫወትኋቸው ጊዜ «ከመሸታ ቤት የወጣ ጩኸት ለካህን ጆሮ ምን ይረባል?» አሉኝ። መነሻውን በተመለከተ እውነታቸውን ነው፤ ጃዝ በመሸታ ቤት አድጓል። ኮልትሬንም የእኛን ሃይማኖት የመሰከረ ሰው አይደለም፤ ሥራውም በቅኔ ማኅሌት አይገባም። ነገር ግን ሰው ካለበት ቦታ ሆኖ ሲያመሰግን ጆሮ መስጠት ምስጋናውን ከቤተ መቅደስ ማግባት አይደለም። እኒህን ሁለቱን እንዳይደባለቁ መለየት የሚቻል ይመስለኛል፤ አለቃ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉኝም።

ቃል የሌለው ዜማ አልገባኝ ያለ ሰው አሪታ ፍራንክሊን በጃንዋሪ 1972 በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ በአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፥ በሁለት ሌሊት የቀረጸችውን «አሜዚንግ ግሬስ» ይስማ። ሶል የተባለው ዘፈን ብዙ ዜማውን ከጥቍሮቹ ቤተ ክርስቲያን ተውሶ ለገበያ ያወጣ ነው፤ የሰባኪ ልጅ የሆነችው አሪታ ያን ጊዜ ብድሩን የመለሰች ይመስላል። የዘመኑን አንድ የወዳጅነት ዘፈን ከጥንት የጸሎት መዝሙር ጋራ አጋጥማ በአንድነት የዘመረችበት ስፍራ አለ፤ መጋጠሚያውን ፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራል። የሁለቱ ሌሊት ቅጂ ሙሉው በ1999 ታትሟል፤ እርሱ ይመረጣል።

ወደ ኮልትሬን ልመለስ። በ2021 «ኤ ላቭ ሱፕሪም ላይቭ ኢን ሲያትል» የሚል አልበም ታተመ። ይህም ኦክቶበር 2 ቀን 1965 ሲያትል ከተማ በሚገኝ የምሽት ቤት የተጫወተው ነው፤ ጆ ብራዚል የተባለ ሙዚቀኛ ቀርጾት ቴፑ ከ50 ዓመት በላይ ለሕዝብ ሳይወጣ ቆየ። በዚህ ተጫዋቾቹ ሰባት ሆነዋል። የኤልቪን ጆንስ ከበሮ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ ሳክስፎኑ አንዳንድ ጊዜ ከኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ከዚህ መጀመርን አልመክርም። የፊተኛውን ሦስት አራት ጊዜ የሰማ ሰው ግን ያች አራት ድምፅ ያላት ዜማ በዚያ ሁሉ ማዕበል መካከል ስትመለስ ያውቃታል። 75 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፥ ለሠርክ ጸሎት ጥቂት ጊዜ ሲቀር ባይጀመር ይሻላል።