ካቻቢቴው የገባበት ቦታ

አባቴ ሲያርፍ ከተወው ንብረት ሁሉ ማንም ያልተሻማው ቮልሷን ነበር። እኔ ወሰድኳት። ወሰድኳት ስል ግን ሽሮ ሜዳ ባለው ግቢያችን፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ከቆመችበት አላንቀሳቀስኳትም። ስድስት ክረምት ዘነበባት። በጎማዋ ዙሪያ ሣር በቀለ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ድመት የኋላ ወንበሯ ላይ ወለደች። «ዘንድሮ አስነሳታለሁ» እያልኩ እናቴን ስድስት ዓመት ደለልኳት።

እ.ኤ.አ. የ1967 ስሪት ናት። አባቴ በ1965 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ያገለገለች ሆና ነው የገዛት። ግሪስ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። በየሁለት ወሩ ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌ ካኪውን ይለብስና የግሪስ ፓምፑን ይዞ ከፊት እግሯ ሥር ይገባል። እኔ ባትሪ አብሪ ነበርኩ። እጄ ሲዝል ብርሃኑ ይወዛወዛል፤ እሱም ሳይቆጣ «ወደ ቀኝ» ይለኛል።

እንድነቃ ያደረገኝ የመኪና ዋጋ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ለደመወዝተኛ የቀረው ያለውን ማስታመም ነው። እኔም ያለኝን ዞር ብዬ አየሁ።

ሞተሯ ብዙ አላስቸገረም። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የሚዘጋ ራዲያተር እንኳ የለውም። ችግሩ እግሯ ነበር። የግራ የፊት ጎማዋ አናቱን ወደ ውስጥ ጣል አድርጎ፣ ጉድጓድ በነካች ቁጥር «ቋ» ይላል። ሰፈራችን ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ቆመው አዩዋት፣ ጎማውን ያዝ አድርገው ወዘወዙት።

«የእግር ሥራ አለባት» አሉኝ። «ቦል ጆይንቶቹ ሄደዋል። መጀመሪያ ግን ሆዷን ልያት፤ አምጣት። እግሯ ብቻ ከሆነ አርባ ሁለት ሺህ ብር ይበቃታል።»

አርባ ሁለት ሺህዋን ሰማሁ። «ሆዷን ልያት» የሚለው ግን በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

እግሯን ራሴ ልሠራት ወሰንኩ። ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት ገንዘብ ነው። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ነበረኝ። የቆረቆረኝ ሌላ ነው። አባቴ ከአርባ ዓመት በላይ በእጁ ያቆያትን መኪና እኔ ስድስት ዓመት ዝናብ ላይ ትቼ አዛግኳት። ለሌላ ሰው ከፍዬ ባሠራት ጥፋቴ የሚቀር አልመሰለኝም፤ በገዛ እጄ መካስ አማረኝ። ንስሐ በጋራዥ ዕቃ! ዛሬ ሳስበው ይህ ስሜት ከዝገቱ የባሰ አደገኛ ነበር፤ ምክንያቱም መሣሪያና ዕውቀት እንደሌለኝ አስረሳኝ።

ድፍረት የሰጠኝ ደግሞ ግማሽ ዕውቀት ነው። በብዙዎቹ የቤት መኪኖች የፊት እግር ላይ ጥቅልል ሞላ አለ። ያ ሞላ ታምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ማሰሪያ ሳያደርጉ የፈቱት እንደሆነ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። የእኔዋ ቮልስ ግን ያ ሞላ የላትም። ከፊቷ በአግድም የተኙ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸው የተደራረቡ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ይገኛሉ። ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጎቹ ይጠመዘዛሉ፤ ሞላዋ ይኸው ነው። አባቴ ግሪስ ያጠጣ የነበረው እነዚህን ቱቦዎች ነው። «የሚፈናጠር ነገር ከሌለ ምን ያሰጋኛል?» አልኩ። መኪና ራሱ ከላይ ሊወርድ እንደሚችል አላሰብኩም።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ሁለት ቦል ጆይንት ገዛሁ። ማታ በስልኬ አንድ ፈረንጅ ጎረምሳ ያንኑ ሥራ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሲጨርስ አየሁ። የእሱ አገር ቡሎን አይዝግም መሰለኝ፣ ሁሉም እየዘፈነ ይፈታል።

ቅዳሜ ጠዋት ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ጋር ግቢ ወጣን። ቡሎኖቹን ከማታው ጀምሬ ናፍታ አጠጥቻቸዋለሁ። (የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን ሲወጣ የመፍቻ ሳጥኑን ከነስሙ ጥሎልን የሄደ ይመስለኛል።) ክሪኩ የመኪናዋ የራሷ ነው። ከመርገጫዋ ሥር በእያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ የክሪክ መሰኪያ አለ፤ እዚያ ሰክቼ ግራ ጎኗን አነሣሁ። አምስቱን የጎማ ቡሎን ፈታሁ፤ ጎማውን አወጣሁና፣ አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት፣ በጎኑ አስተኝቼ ከመኪናዋ ሥር ገፋሁት። ለምን እንደሚደረግ ጠይቄ አላውቅም። እሱ ያደርግ ስለነበር አደረግኩት።

ሌላ ድጋፍ አላቆምኩም። የብረት ማቆሚያ ከጎረቤት መዋስ እችል ነበር፤ ሰነፍኩ።

አንዱ ዳዶ አልንቀሳቀስ አለኝ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥዬ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። መኪናዋ ተነቃነቀች። ልጄ የወደቀ ዳዶ ሊያነሳ እጁን ከሥሯ ሰዶ ነበር። «ቀጭ» የሚል ደረቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ክሪኩ ከቦታው አልተንሸራተተም። የተሰካበት ብረት ነው እንደ እርጥብ ካርቶን የተቀደደው። ክሪኩ ወደ ላይ፣ መኪናዋ ወደ ታች።

ያረፈችው በተኛው ጎማ ላይ ነው። በልጄ እጅና በብረቱ መካከል ስንት ጣት ይገባ እንደነበር አልለካሁም።

ልጁ «አባዬ፣ ዳዶውን አገኘሁት» አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት ሽማግሌው መካኒክ ቤት ሄድኩ። ምንም አልጠየቁኝም፤ ፊቴ ነገራቸው መሰለኝ። መጥተው መጀመሪያ በአራት ቦታ ደገፏት። ከዚያ ክሪክም መፍቻም ሳያነሱ አንዲት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከኪሳቸው አወጡ። ከሥሯ ተኝተው በእጀታው ብረቱን ያንኳኳሉ፤ በጫፉ ይወጋሉ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የዛገው ድም ይላል። ግራ ጎኗ ላይ፣ ከበሩ ሥር፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። የኋላ ወንበሩን አንሥተው ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል ወጉት፤ እዚያም ገባ። ቮልስ ባትሪዋን የምትሸከመው ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ በፈሰሰ ቁጥር ወለሉን ይበላዋል። በመጨረሻ ከፊት፣ የእግሯ ቱቦዎች በአራት ቡሎን ከሻንሲው ጋር የሚታሰሩበትን ቦታ ደጋግመው ወጉ። አልገባም።

«እድለኛ ነህ» አሉ። «ይኸ ቢበሰብስ እግሯን ምን ላይ ታስርላት ነበር?»

ለካ መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነው። እኔ «ቤት ልሥራው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?» ስል ሰነበትኩ። እሳቸው ግን አዲሱ ዕቃ የሚታሰርበት ብረት አለ ወይ ብለው ጀመሩ። አዲስ ቦል ጆይንት በበሰበሰ ብረት ላይ መግጠም፣ እሳቸው እንዳሉት፣ ለወደቀ ቤት መዝጊያ መግዛት ነው። የገዛሁትን ዕቃ አሳየኋቸው፤ ሳቁ። ለካ ቦል ጆይንቱ ከክንዱ የሚወጣው በፕሬስ ተገፍቶ ነው። ዳዶው ቢፈታልኝ እንኳ ግቢዬ ውስጥ የትም አልደርስም ነበር። ፈረንጁ ጎረምሳ ያንን ክፍል ቆርጦት ይሁን እኔ አንቀላፍቼበት አላውቅም።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። በቅድሚያ ብየዳው ነው። በር ሥር ያለው ብረት ሲቆረጥ አካሏ እንዳይጎብጥ የበሩን ክፍተት በብረት ወጠሩት፤ የቤንዚን ጋኗ ከፊት ስለሆነ አውጥተው ከብየዳው አራቁት። እግሯ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻም የጎማ አላይመንት ተስተካከለ። ሁሉም ተደምሮ ከመጀመሪያው ዋጋ በእጥፍ በለጠኝ። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ መሪዋ እጄ ላይ አይንቀጠቀጥም፤ ብሩ አይቆጨኝም።

ቤት የሚሠራ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። አሁን ግሪሱን የማጠጣት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአባቴ ፓምፕ። በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ ካላረፈች ግን ጭንቅላቴን ከሥሯ አላስገባም። ከክረምት በኋላ ካቻቢቴ ይዤ ሆዷን አዳምጣለሁ፤ ድም ያለኝን ቦታ በጠመኔ እከብበውና ሽማግሌውን እጠራለሁ። የሚፈታ እግር፣ ፍሬንና መሪ ግን ለእሳቸው ነው።

ልጄ ባትሪ ያበራልኛል። ዳዶውን የጥናት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

ባለቤቴ ያን ቀን መኪናዋ «ትንሽ ተንሸራታ» እንደነበር ብቻ ነው የምታውቀው። ይህን ካነበበች ግን አወቀች ማለት ነው።